ከጀፎረ እስከ ኮንሶ፦ ቤት የሚሠሩ እጆችን ፍለጋ

እሁድ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ

ጥምቀት አልፎ መንገዱ ቀለል ሲል ከአየር ጤና ተነስተን የጅማን መንገድ ያዝን። አብሮኝ ያለው የድሮ ጓደኛዬ ነው፤ ሥራው የከተማ ፕላን ነው። መኪናው የእሱ፣ የነዳጁ ጣጣ የጋራችን። ዕቅዳችን በጉራጌ አድርገን፣ ሆሳዕናንና ወላይታ ሶዶን አቋርጠን አርባ ምንጭ መድረስ፣ ከዚያ ዶርዜ መውጣት፣ መጨረሻ ላይ ኮንሶ መግባት ነው። የምናየው ሰው የሚኖርበትን ቤት ነው። ቤተ መንግሥት፣ ግንብና ሐውልት የዚህ ጉዞ ጉዳይ አይደሉም።

ነገሩ ከፒያሳ ጀምሮ ሲብላላብኝ ቆይቷል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ሰፈሩ መልኩን ሲቀይር፣ ብዙዎቻችን ስለ ቅርስ ማውራት ጀመርን። ማውራታችን ጥሩ ነው። ግን ወሬው ሁሉ ድንጋይና ኖራ ስላላቸው ቤቶች ነበር። አብዛኛው የአገራችን ሰው ደግሞ የኖረው በሣር፣ በጭቃ፣ በእንጨትና በቀርከሃ ቤት ነው። የጎንደር ግንብ አጥር አለው፣ ትኬት ይቆረጥበታል፣ ሲሰነጠቅ ባለሙያ ይጠራለታል። የሣር ቤትስ? ሣሩ በየጥቂት ዓመቱ ይረግፋል። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል። እሱንም እንደ ግንብ አጥረን እንጠብቀው ብንል፣ ውሎ አድሮ አጥሩ ብቻ ይቀረናል።

እንዲህ ያለ ቤት ዕድሜው የሚረዝመው የሚሠራው ሰው እስካለ ድረስ ነው። ሣሩ የሚበቅልበት መሬት፣ ቀርከሃ የሚሰነጥቀው እጅ፣ ለክዳን የሚጠራው ጎረቤት አብረው ካልተጠበቁ ቤቱ ፎቶ ላይ ብቻ ይቀራል። ይህን ሐሳብ ይዤ ነው ከቤቴ የወጣሁት። ጓደኛዬ ግን ገና ከሰበታ ሳንርቅ ሞገተኝ። «ሰው ቆርቆሮ ከፈለገ አንተ ማን ነህና ሣር ልበስ ትለዋለህ?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው። እስከ ኮንሶ ድረስ አልለቀቀንም።

ወልቂጤ አመሻሽ ላይ ገባን። ከተማዋ በባጃጅ ደምቃለች። ነገ መንደር ገብተን ብዙ ስለምንሄድ ቶሎ ተኛን።

ሰኞ፣ ቸሃ

ጠዋት ወደ ቸሃ ገባ አልን። መጀመሪያ ያየሁት ቤቶቹን ሳይሆን ጀፎረውን ነው። ጀፎረ የጉራጌ መንደር መንገድ ነው። መንገድ ስላችሁ ግን አስፋልት እንዳታስቡ። ከመንደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረዋል። ከየቤቱ ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጀርባ ማሳና ባሕር ዛፍ ይከተላል። ሰርግ የሚደገሰው፣ ለቅሶ የሚቀመጠው፣ ሽምግልና የሚካሄደው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ከብት ያልፍበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

ጓደኛዬ ዝም ብሎ ከዳር እስከ ዳር በእርምጃው ለካው። «አዲስ አበባ ውስጥ ለእግረኛ ይሄን ያህል ቦታ ፈልገህ አታገኝም» አለ።

እኔን የገረመኝ እስካሁን አለመቆረሱ ነው። መሬት በጠበበበት አካባቢ፣ እያንዳንዱ አባወራ አጥሩን አንድ አንድ ሜትር ወደ ፊት ቢገፋ ጀፎረው በአጭር ጊዜ ቀጭን መንገድ ይሆን ነበር። ጠባቂው የጆካ ቂጫ ነው፤ የሰባት ቤት ጉራጌ ባህላዊ ሕግ። ጀፎረን ቆርሶ ወደ ግቢ ማስገባት ነውር ነው። አጥር የገፋ ሰው በሽማግሌ ይጠየቃል። አልፎ አልፎ ባሕር ዛፍ ዳሩን ነክቶት አይተናል። መሃሉ ግን አለ።

አንድ አባት «ግቡ» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱን። ክብ ቤት ነው፣ ትልቅ። መሃሉ ላይ ወፍራም ምሰሶ ቆሟል። ከምሰሶው ወገብ ላይ የተነሱ ድጋፍ እንጨቶች ዙሪያውን ወደ ላይ ተዘርግተው ጣሪያውን ይሸከማሉ። ለዓመታት ጭስ ስላጠነው እንጨቱ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። እጄን አሳለፍኩበት፤ የተወለወለ ያህል ለስልሷል። ወለሉ ላይ ከእንሰት ቅጠል የተሠራ ጅባ ተነጥፏል።

«አባባ፣ ቤቱ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አባቴ ነው ያቆመው። እኔ ክዳኑን ነው የምቀይረው። አሁን ግን ሣሩ ከየት ይምጣ?»

ከዚያ ስለ ሣር ብቻ ረጅም ጊዜ አወሩን። ለክዳን የሚሆነው ሣር ድሮ ይታጨድ የነበረበት ቦታ ዛሬ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ገንዘብ ነው፤ ልጅ ያስተምራል፣ ያሳክማል። ስለዚህ ማንም በማንም አይፈርድም። «ድሮ ሣሩን ጎረቤት ተሸክሞ ያመጣልሃል። ዛሬ ትገዛለህ። ከገዛህ በኋላ ደግሞ የሚከድን ሰው ትለምናለህ። እዚህ አካባቢ አሳምረው የሚከድኑት ሁለት ሰዎች ናቸው። እነሱም እንደኔ አርጅተዋል፤ መሰላሉ ከብዷቸዋል» አሉ።

ልጃቸው አዲስ አበባ ነጋዴ ነው። አጠገባቸው ቪላ ሠርቷል። ብሎኬት፣ ባለ ቀለም ቆርቆሮ፣ ትልልቅ መስታወት። ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው። ለመስቀል ይከፈታል። ያኔም ቢሆን ቤተሰቡ ክትፎውን የሚበላው ክቡ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ቪላው ውስጥ ሁሉም በየክፍሉ እንደሚቀር ነገሩኝ። ክቡ ቤት ውስጥ ግን ከምሰሶው ዙሪያ ሁሉም ፊት ለፊት ይተያያል።

ያ ልጅ ገንዘብ አለው፣ ለአገሩ ፍቅርም አለው። ባይኖረው ኖሮ እዚያ ባልሠራ ነበር። የጎደለው አማራጭ ነው። ዛሬ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው ብሎኬት ደርዳሪ በየመንደሩ ያገኛል። ሣር የሚከድንለት ግን አያገኝም። ወደ ሆሳዕና ስንነዳ በጓደኛዬ ሙግት ላይ የመጀመሪያዬ መልስ ይህ ሆነ፦ ሰው መረጠ የሚባለው ሁለት ነገር ቀርቦለት ሲያማርጥ ነው።

ማክሰኞ፣ መንገድ ላይ

ይህ ቀን የመኪና ቀን ነው። ሆሳዕና፣ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ። በየከተማው መሃል አደባባይ ላይ አንድ ዓይነት ሕንፃ ይቀበላችኋል። ፊቱ በሰማያዊ መስታወትና በአልሙኒየም ተለብጧል። ከተማው ደጋ ይሁን ቆላ፣ ፀሐዩ በየት ይውጣ፣ ዝናቡ ከየት ይምጣ ግድ የለውም። አንዱን ነቅላችሁ ከሌላው ቦታ ብትተክሉት ልዩነቱ አይታወቅም። ናይሮቢ ብትወስዱትም ያው ነው።

ሶዶ ላይ አንዱ ፎቅ ላይ ምሳ በላን። መስታወቱ ፀሐይ ላይ ስለሆነ ክፍሉ ግሏል። ስለዚህ ወፍራም መጋረጃ ጋርደውበታል። መጋረጃው ስላጨለመው በጠራራ ቀን መብራት አብርተዋል። ወንበራችን ላይ ሆነን በመስኮቱ ጥግ ቁልቁል ስናይ፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ የጭቃ ቤት በረንዳ ላይ ሰዎች በጥላ ስር ነፋስ እየተቀበሉ ቡና ይጠጣሉ።

ግሎባላይዜሽን ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው ሙዚቃና ልብስ ነው። ሕንፃ ላይ ግን ይበልጥ ይከብዳል። ዘፈን ሲሰለች ይቀየራል፤ ፎቅ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ፎቅ አይሠራ አልልም። ከተማ ያድጋል፣ ሰው ይበዛል። የሚያንገበግበኝ፣ የአካባቢውን ፀሐይና ነፋስ ጠንቅቆ የሚያውቅ የቤት አሠራር እዚያው እያለ፣ አርክቴክቱ አንድም ነገር ሳይጠይቀው ማለፉ ነው።

ከሶዶ በኋላ መንገዱ ወደ ቆላ ይወርዳል። አባያ ሐይቅ በግራችን ተዘርግቶ አጀበን። አርባ ምንጭ ደርሰን አደርን።

ረቡዕ፣ ዶርዜ

ዶርዜ ያለው ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ጥምዝምዝ መንገድ ላይ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመን ወደ ኋላ ስናይ አባያና ጫሞ ሁለቱም ይታያሉ፤ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት። ታች በሸሚዝ ነበርን፤ ላይ ስንደርስ ጃኬት ደረብን። ጉሙ ቀርከሃው መሃል ይገባል፣ ይወጣል።

የዶርዜን ቤት ብዙ ሰው በፎቶ ያውቀዋል። ዝሆን ይመስላል ይባላል። የአካባቢው ሰውም እንዲያ ነው የሚለው። ፊት ለፊት ወጣ ያለው መግቢያ ኩምቢው ነው፤ ከላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይኖቹ። ጭስ የሚወጣውም በእነሱ ነው። አዲስ ሲሠራ ከ10 ሜትር የሚያልፍ አለ። አጠገቡ ቆሜ ወደ ላይ ሳየው ፎቶው ምን ያህል እንዳሳነሰው ገባኝ።

ሃይዞ መንደር ውስጥ አስጎብኛችን አንድ አዛውንት ጋ ወሰደን። በወጣትነታቸው ብዙ ቤት ሠርተዋል። እሳቸው በጋሞኛ ይናገራሉ፣ አስጎብኛችን ይተረጉማል፤ ሲመቻቸው ራሳቸው አማርኛውን ጣል ያደርጋሉ። ዕድል ቀንቶን አንድ አነስተኛ ቤት እየተሠራ ነበር፤ ለአዲስ ሙሽሮች ነው።

ሥራውን ቁጭ ብዬ አየሁት። አንዱ ወጣት ረጅም ቀርከሃ ጫፉን በቢላ ሰንጥቆ፣ ስንጥቁ ውስጥ እንጨት ሰክቶ ይገፋዋል። ቀርከሃው እየጮኸ እስከ ታች ይከፈላል። ግማሹን እንደገና ለሁለት፣ ከዚያ እንደገና። ውስጡ ያለውን ለስላሳ ክፍል በቢላ ይልጠዋል፤ ጠንካራው ጀርባ ይቀራል። ሌላው ሰው መሬት ላይ ዙሪያውን በተተከሉት ቋሚዎች መሃል ያንን ልጥ እያስገባ እያስወጣ ይሸምናል። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ሚስማር የለም። ቤቱን የሚያቆመው ሽመናው ራሱ ነው። እዚህ መንደር ወንዱ ሸማኔ ነው፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ የምንገዛው ጋቢና ጥበብ ከእነዚህ ሰዎች እጅ የወጣ ነው። ያ እጅ ቀርከሃውንም በተመሳሳይ ትዕግሥት ሲይዘው አየሁ። አንድ ረድፍ ሲጠጋጋ በጡጫ ይመታዋል፣ በዓይኑ ይለካዋል፣ ካልጣመው ያወጣዋል። በላዩ ላይ የሚለብሰው የእንሰት ቅጠልና የቀርከሃው ልባስ ነው።

አዛውንቱን ምስጥ አያስቸግርም ወይ አልኳቸው። ሳቁ። «ምስጥ ይበላል። እሱም ድርሻውን ይውሰድ» አሉ። ምስጡ የሚበላው መሬት የገባውን ጫፍ ነው። ያኔ የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ትንሽ አጠር ይላል። ስለዚህ የዶርዜ ቤት ሲያረጅ ያጥራል። እስከ 60 እና 80 ዓመት የሚቆይ እንዳለ ይነገራል። ከመንደሩ ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን አየን። አንዱ ረጅም፣ ሌላው ጎንበስ ያለ። ዕድሜያቸውን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገም።

ቦታ መቀየር ሲያስፈልግ ደግሞ ቤቱ ይነሳል። ሰፈርተኛው ይጠራል። ሰዎች ውስጡ ገብተው፣ ውጪውን ከበው፣ በአንድ ድምፅ እየዘፈኑ ተሸክመው ይሄዳሉ። አዛውንቱ የራሳቸው ቤት አንድ ጊዜ በዚህ መልክ ከታች ወደ ላይ መምጣቱን በእጃቸው እያሳዩ ነገሩን።

«ዛሬስ የሚሸከም ይገኛል አባባ?»

«ወጣቱ አዲስ አበባ ነው፣ አርባ ምንጭ ነው። ለመስቀል ሲመጡ ይገኛሉ። ስለዚህ ቤት የምናነሳው እነሱ ሲመጡ ነው።»

ይህ መልስ ደስ አሰኘኝ። ባህል የሚተርፈው ከኑሮው ጋር ሲስማማ ነው። ልጆቹ ሄዱ ብለው አልተዉትም። ጊዜውን አሸጋሸጉት።

ሐሙስ፣ አሁንም ዶርዜ

እንሄዳለን ያልነው ዛሬ ነበር። ግን የትናንቱን ነገር አልጠገብኩትም፤ ቀረን።

ጠዋት አንዲት እናት ቤት ቡና ተጠራን። ቤቱ ውስጥ በአንድ በኩል ከብቶች አሉ፤ ሌሊት ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቀዋል። መሃል ላይ እሳቱ ይነዳል። ጭሱ ቀርከሃውን ከነፍሳት ይጠብቀዋል ይባላል፤ ግድግዳውም ጠይም ሆኖ ይታያል። እኔ ውበቱን እያደነቅኩ ሳወራ እናት አቋረጡኝ።

«ልጄ፣ አንተ ለአንድ ቀን መጥተህ እንዴት ያምራል ትላለህ። ዓይኔን እየው። ይሄን ሁሉ ዓመት ጭስ የዋጠ ዓይን ነው።»

የሚፈልጉትን ጠየቅናቸው። ቤቱን አፍርሱልኝ አላሉም። ሌሊት እንደሚሞቅ ያውቃሉ፣ ይወዱታል። የሚፈልጉት ለብቻው የሆነ ማዕድ ቤትና ጭስ የሚወጣበት መንገድ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ውኃ የሚያጠራቅሙበት ቆርቆሮ። ውኃ ከሩቅ የሚቀዱት እሳቸውና ሴት ልጆቻቸው ናቸው።

ስለ ባህላዊ ቤት የሚሟገት ሰው ሁሉ ከዚህች እናት ጋር ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣ። የቤት ውበት በሴቶች ዓይንና ወገብ ሊከፈል አይገባውም። ለእኚህ እናት መልስ የሌለው ቅርስ ጠባቂ፣ ነገ ቆርቆሮ ሲያለብሱት ሊወቅሳቸው አይችልም።

ጓደኛዬ የቡርኪና ፋሶውን አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬን አነሳ። ኬሬ በተወለደበት በጋንዶ መንደር የሠራው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቋል። ግድግዳው የአካባቢው ሸክላ አፈር ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ግን ቆርቆሮውን ከግድግዳው አንስቶ ከፍ አደረገው። በመሃል ነፋስ ይገባል፣ የጋለው አየር ይወጣል። የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የሥነ ሕንፃውን ታላቅ ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን ሲወስድ ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። የመንደሩን አፈርና የመንደሩን እጅ አልተወም፤ ቆርቆሮንም አልጠላም። ዶርዜ ላይም እንዲህ ዓይነት ሐሳብ የሚያፈልቅ ወጣት መሐንዲስ ቢመጣ፣ ያቺ እናት ዓይናቸውም ቤታቸውም ይተርፋል።

ከሰዓት ወደ ቀርከሃው ወጣን። ጨንቻ ዛሬ በአፕል ትታወቃለች። በየጓሮው አፕል ተተክሏል። አፕል ቶሎ ብር ይሆናል፤ ቀርከሃ ግን ለቤት እስኪደርስ ዓመታት መጠበቅ ይፈልጋል። አስጎብኛችን እንደነገረን ቀርከሃው ያለው ቤተሰብ ቤት ለመሥራት ይደፍራል፤ የሌለው መግዛት አለበት፣ ዋጋው ደግሞ ከቆርቆሮ ጋር እየተጠጋ ነው። የቸሃው ሣር ታሪክ እዚህም ቀርከሃ ሆኖ ጠበቀኝ።

ለጎብኚ ተብለው የቆሙ ቤቶችም አሉ። አልጋ ገብቶላቸው ይከራያሉ። እኛም አድረንባቸዋል። ይህ ጥሩ ነው። ገቢው የሠሪዎቹን እጅ ሥራ ላይ ያቆየዋል፤ ወጣቱም ሙያው እንጀራ እንደሚሆን ያያል። በየከተማው የሚሠራው የሲሚንቶ ማስመሰያ ግን ሌላ ነገር ነው። ቅርጹን ይወስዳል፤ ለቀርከሃ ተካዩም ለሸማኔውም አምስት ሳንቲም አይደርሰውም።

ማታ እሳት ዙሪያ ስለ ዱቡሻ አወጉን። ዱቡሻ የጋሞ ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የሚታረቅበት ሜዳ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች ለጥፋት ሲነሱ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበርክከው እንዳስቆሟቸው አገር ያወቀው ነው። ቤት ሊሸከም የሚወጣውና ዱቡሻ ላይ የሚቀመጠው አንድ ሰፈር ነው። የሕንፃ ባለሙያ ቤቱን ብቻ ሲለካ ይህ አይታየውም።

ዓርብ፣ ወደ ካራት

ከአርባ ምንጭ እስከ ካራት፣ እስከ ኮንሶ ዋና ከተማ፣ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሙቀቱ በረታ። ከዚያ ተራሮቹ በድንጋይ እርከን መሸፈን ጀመሩ። ከግርጌ እስከ አናት፣ እርከን በእርከን ላይ። አንዳንዱ የእርከን ግንብ 5 ሜትር ይደርሳል። ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። የኮንሶ ሰው በዝናብ አጠርና ገደላማ መሬት ላይ አፈሩን ይዞ የቆየው በዚህ ነው። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው 55 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እርከኑና በግንብ የታጠሩት መንደሮቹ አብረው ነው የተመዘገቡት፤ ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ የዘለቀ ሥራ ነው።

ካራት ላይ ሙዚየሙን አየን። ዋካዎቹ እዚያ ተደርድረዋል። ዋካ ለጀግናና ለተከበረ ሰው መታሰቢያ ከእንጨት የሚቀረጽ ምስል ነው። ቦታው መቃብሩ ዘንድ፣ ሜዳ ላይ ነበር። ብዙዎቹ ተሰርቀው ለገበያ ሲወጡ ነው የተረፉት ወደዚህ የገቡት። ለምን እንደገቡ ይገባኛል፤ ባይገቡ ዛሬ አንዱ ሀብታም ሳሎን ውስጥ ነበሩ። ግን ቤተሰባቸው መሃል መቆም ሲገባቸው መደርደሪያ ስር ቁጥር ተለጥፎባቸው ሳይ አዘንኩ።

ቅዳሜና እሁድ፣ ጋሞሌ

ጋሞሌ ኮረብታ ላይ የተቆናጠጠች የግንብ መንደር ናት። የኮንሶ መንደሮች ከአንድ እስከ ስድስት ዙር ግንብ አላቸው። ሕዝቡ ሲበዛ ከውጪ አዲስ ግንብ ይታጠራል፤ ስለዚህ ከውስጥ ወደ ውጪ ስትሄዱ ከጥንቱ ወደ ቅርቡ ትመጣላችሁ። መተላለፊያው ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ይጠጋል። ግራና ቀኝ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በላይ የእንጨት አጥር። ወደ ግቢ የሚያስገባው በር ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትገቡት። ጠላት ቢመጣም ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው።

ከጣሪያው ጫፍ ላይ የሸክላ ድስት ይደፋል። ሣሩ የሚጋጠምበት ቦታ ውኃ እንዳያስገባ ይከድነዋል።

የመንደሩ ልብ ሞራ ነው። በድንጋይ የተነጠፈ አደባባይ፣ ከዳሩ ትልቅ የሣር ክዳን ያለው የጋራ ቤት። ወጣት ወንዶች እዚያ ያድራሉ። እሳት ቢነሳ፣ ሰው ቢታመም፣ ችግር ቢመጣ መጀመሪያ የሚነሱት እነሱ ናቸው። ከሞራው አጠገብ የትውልድ ምሰሶ፣ ኦላሂታ ቆሟል። በየ18 ዓመቱ ሥልጣን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ አንድ የጽድ ግንድ ይጨመርበታል። አስጎብኛችን ግንዶቹን አንድ ሁለት እያለ ቆጠረልን። የጥንቶቹ ቀጥነዋል፣ የቅርቦቹ ወፍራም ናቸው።

ከግንቡ ውስጥም ቆርቆሮ ገብቷል። ከኮረብታው አናት ሲታይ ሣሩ መሃል ያብለጨልጫል። አንድ ወጣት የራሱን ቤት እየከደነ አገኘነው። ግድግዳው የአባቱ ነው፣ ክዳኑ አዲስ ቆርቆሮ። ለምን ቆርቆሮ? አልኩት።

«እሳት ነው ምክንያቱ። እዚህ ቤቱ ተጠጋግቷል። የአንዱ ሣር ከተያያዘ የሁላችንም ይሄዳል። ሁለት ልጆች አሉኝ» አለ።

ከእንዲህ ዓይነት ምክንያት ጋር ሙግት የለኝም። ቤቱን ግን አጥብቄ አየሁት። ቁመቱን አልጨመረም። ክቡን አላፈረሰም፤ ቆርቆሮውን በመቀስ እየቆረጠ ክብ አድርጎ አለባብሶታል፣ ይህም ከአራት ማዕዘኑ ብዙ ያለፋል። በሩ ያው ዝቅተኛው በር ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ የአባቱን ድስት መልሶ ሊደፋ አጠገቡ አስቀምጦታል። ጓደኛዬ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ የቆርቆሮውን አቆራረጥ መሳል ጀመረ። ወጣቱም መቀሱን አስቀምጦ የተሳሳተችውን መስመር አረመለት።

እሁድ ተመልሰን ስንሄድ ሞራው ላይ ክርክር ደርቷል። የጋራ ቤቱ ክዳን አርጅቷል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሣር ያምጣ ተብሏል። ጥያቄው ቤታቸውን በቆርቆሮ የከደኑትም ማምጣት አለባቸው ወይ የሚል ነው። አንዱ፣ እኛ ከእንግዲህ የሣር ማሳ የለንም፣ በገንዘብ እንክፈል ይላል። ሌላው ገንዘብ ሣር አይሆንም ይላል። አስጎብኛችን በጆሯችን እየተረጎመ መከተል አቃተው።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። ቆርቆሮ የከደነውም ሣር ያመጣል፤ ሞራው የሁሉም ነው አሉ። ማሳ የሌለው፣ ማሳ ካለው ዘንድ ሄዶ አብሮ ያጭዳል። ያ ወጣት ከኋላ ቆሞ ነበር። እጁን አንስቶ ማጭድ የሚያውሰው ሰው ጠየቀ፤ የራሱ የለውም። ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ መለሱለት። ከዚያ የትኛው ተዳፋት ላይ ሣሩ ለአጨዳ እንደደረሰ መነጋገር ጀመሩ። ከሰፈሩ በታች ያለው ገና ነው፣ ከኩሬው ማዶ ያለው ግን ደርሷል፤ ረቡዕ ጠዋት ከዚያ ይጀመራል።